የድሆች ቆጠራ፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ችግር፣ ሥራና ፍልሰት

በ1570 የእንግሊዝ አገር የኖርዊች ከተማ ሹማምንት እስከዚያ ዘመን እምብዛም ያልተለመደ ሥራ ሠሩ። በየሰፈሩና በየቤቱ እየዞሩ ድሆቻቸውን ቆጠሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መዝገቡ የባልና የሚስትን ስም፣ ዕድሜና ሥራ፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ በከተማው ስንት ዓመት እንደ ኖሩ፣ የተጠለሉበት ቤት የማን እንደ ሆነ፣ ምጽዋት ይቀበሉ እንደ ሆነና እንዳልሆነ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሲደመር 2,300 ያህል ሰው ሆነ፤ ይህም ከከተማው የእንግሊዝ ተወላጆች ሩብ ገደማ ነው። ኖርዊች በዚያን ጊዜ ከሎንዶን ቀጥሎ ከሚቆጠሩት የአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች አንዷ እንደ ነበረች መዘንጋት አይገባም።

ሹማምንቱ በቆጠራው ምን እንደሚያገኙ አስቀድመው የገመቱ ይመስላል። በዚያው ሰሞን ባወጡት ደንብ ላይ እንደሚታየው፣ በእነሱ ዐይን የከተማው ድሀ ማለት ከበር ወደ በር እየዞረ የሚለምን፣ የተሰጠውን እህል የሚያባክን፣ ማታ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በየምድር ቤቱ የሚያድር ሰነፍ ነው። መዝገቡ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ከሴቶቹ የሚበዙት የበግ ጠጉር ፈታዮች ናቸው። ከሰባ ዓመት ያለፉ ባልቴቶች እንኳ ፈትላቸውን አላስቀመጡም። ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም ሲፈትሉ ተመዝግበዋል። ወንዶቹ የቀን ሠራተኛ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ተሸካሚ ናቸው። በእርግጥ ሥራ ያጣ ወንድ አልጠፋም፤ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴትም በመዝገቡ ውስጥ ደጋግማ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ከተመዘገቡት ጎልማሶች አብዛኞቹ የተቸገሩት እየሠሩ ነው፤ ብዙዎቹም ከማንም ምጽዋት አይቀበሉም ነበር።

እየሠሩ መቸገር የሚለው ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። የአውሮፓን ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስናስተምር ከመርከበኞቹ ጉዞ ወደ ሉተር፣ ከሉተር ወደ ነገሥታቱ ጦርነት እንሻገርና፣ የደመወዝ ሠራተኛው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከእንፋሎት መኪና ጋር በድንገት ብቅ ይላል። ተማሪው ያ ሠራተኛ ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ መልሳችን አጭር ነው፤ ከገጠር መጣ እንለዋለን። በጉልበቱ ብቻ የሚተዳደር፣ ከመሬት የተነቀለ፣ ሥራ ፍለጋ ከአውራጃ አውራጃ የሚጓዝ ሕዝብ ግን ከፋብሪካው ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ነበረ። ኖርዊች ውስጥ ቆጥረው የመዘገቡት እሱን ነው።

ይህ ሕዝብ እንዴት ተፈጠረ? በ1348ና በ1349 የገባው ታላቅ ወረርሽኝ ከእንግሊዝ ሕዝብ እጅግ ብዙውን ከፈጀ በኋላ ሠራተኛ ጠፋ፤ የጉልበትም ዋጋ ከፍ አለ። መንግሥት በ1351 ባወጣው ሕግ ደመወዝን ወደ ቀድሞው ልክ ለመመለስ ቢሞክርም ለብዙ ጊዜ አልሆነለትም። ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ጉልበቱን የሚሸጥ ሰው ከአያቶቹ የተሻለ በላ። ከ1500 ወዲህ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። በ1540ዎቹ መጀመሪያ 2.8 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የእንግሊዝ ሕዝብ በ1600 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ በ1650ዎቹ ደግሞ 5 ሚሊዮንን አለፈ። የእህል ዋጋ ከዓመት ዓመት ሲወጣ የቀን ሠራተኛው ክፍያ በዝግታ ከኋላ ተከተለው። የግንበኞችን ክፍያ ከምግብ ዋጋ ጋር ያነጻጸሩ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዳሳዩት፣ በ1590ዎቹ አንድ ግንበኛ በቀን ክፍያው ሊገዛ የሚችለው እህል በ1500 አካባቢ ከሚገዛው ከግማሽ ያነሰ ነበር። እንግዲህ የኖርዊቿ ፈታይ ችግር የእጇ ፍጥነት ሳይሆን የዳቦው ዋጋ ነው።

በዚህ ላይ የመሬቱ ጉዳይ ተጨመረ። ባለርስቶች የወል ግጦሹንና የእርሻውን መሬት እያጠሩ በተለይ በመካከለኛው እንግሊዝ ለበግ እርባታ አዋሉት። ቶማስ ሞር በ1516 በላቲን ባሳተመው «ዩቶፒያ» በጎች ሰው በላ ሆኑ ብሎ ያላገጠው ስለዚሁ ነው፤ ይህም በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚጠቀስ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። እኔ ግን የበጉ ነገር ከሚገባው በላይ ተወርቷል ባይ ነኝ። አጥሩ ብዙ ሰው ማፈናቀሉ አይካድም፤ በ1549 ሮበርት ኬት የመራው ሕዝብ በኖርፎክ አጥር እያፈረሰ ተነሥቶ 16,000 ያህል ሰው ከኖርዊች ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ መስፈሩም የታወቀ ነው። ዳሩ ግን አጥር ባልደረሰበት መንደርም ቢሆን አምስት ልጅ የወለደ ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ለአምስቱም የሚያካፍለው መሬት አልነበረውም። የበኩር ልጅ ማሳውን ይይዛል፤ የተቀሩት ይሄዳሉ። የሕዝቡ ብዛት፣ የዋጋው ንረትና የአጥሩ መስፋፋት ተጋግዘው ሠሩ እንጂ አንዱ ብቻውን ያን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ አላወጣውም። በ1536ና በ1540 መካከል ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን መዝጋቱ ደግሞ ቀድሞ በገዳም ደጅ ይገኝ የነበረውን ምጽዋት አስቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። የጥንቱ የአውሮፓ ገበሬ በተወለደበት መንደር ተወልዶ፣ አርሶ፣ እዚያው ይቀበር ነበር የሚለው አስተሳሰብ ለእንግሊዝ አይሠራም። ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ከነበሩት ወጣቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሰው ቤት አገልጋዮች ነበሩ። ይህ አገልግሎት የውርደት ሳይሆን የዕድሜ ጉዳይ ነበር፤ የገበሬ ልጅ በሌላ ገበሬ ቤት እየበላና እያደረ ለአንድ ዓመት ይቀጠራል፤ ዓመቱ ሲሞላ ሒሳቡን ተቀብሎ ወይ ይታደሳል ወይ ሌላ ጌታ ይፈልጋል። ብዙዎቹ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ጌታ ይለውጡ ነበር። የሚሄዱትም ሩቅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ያገባሉ፤ ለዚህም ነው ወንዱ ወደ 28፣ ሴቷም ወደ 26 ዓመት ሳይጠጉ ትዳር የማይዙት። በቤተ ክርስቲያን ችሎት የቀረቡ ምስክሮች የት እንደ ተወለዱና በአጥቢያው ስንት ዓመት እንደ ቆዩ ይጠየቁ ነበርና፣ የኬንት አውራጃ ከተሞች መዝገብ ሲታይ ከምስክሮቹ አብዛኞቹ የተወለዱት ሌላ ቦታ ነው። መንቀሳቀስ ደንብ ነበር። ችግር የመጣው የሚንቀሳቀሰው ሰው ወዴትም የማይቀጠር ሲሆን ነው።

መንግሥት ሁለቱን ለይቶ አላየም። በ1531 የወጣው ሕግ ሽማግሌውና አካለ ጎዶሎው በፈቃድ ወረቀት እንዲለምን ሲፈቅድ፣ ጤነኛው ለማኝ ግን በጋሪ ኋላ ታስሮ ደሙ እስኪፈስ እንዲገረፍና ወደ ትውልድ ቦታው እንዲባረር አዘዘ። በ1547 የወጣው ከዚህም ባሰ፤ ሥራ ፈትቶ የተገኘ ሰው ደረቱ ላይ በጋለ ብረት ተተኩሶ፣ ለከሰሰው ሰው ሁለት ዓመት ባሪያ ሆኖ እንዲሰጥ፣ ቢጠፋ ለዕድሜ ልኩ ባሪያ እንዲሆን ደነገገ። በእንግሊዝ ምድር በእንግሊዛዊ ላይ የተጻፈ የባርነት ሕግ ነው። የሚያስፈጽመው ሰው ስለ ታጣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተሻረ። በ1572 ደግሞ ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ተንከራታች እንዲገረፍና የቀኝ ጆሮው በጋለ ብረት እንዲበሳ፣ በሦስተኛው ጥፋት እንዲሰቀል ተደነገገ። ጆሮ መብሳቱ የቀረው በ1593 ነው።

የ1572ቱ ሕግ ተንከራታች የሚላቸውን በዝርዝር ይቆጥራል፤ ዝርዝሩን ለተማሪዎች ማንበብ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በየመንደሩ የሚዞር ትንሽ ነጋዴ፣ ድስት ጠጋኝ፣ አዝማሪ፣ ድብ አስጨፋሪ፣ ከመኳንንት አንዱ ያልተዋሰው ተዋናይ፣ በተባለው ደመወዝ አልሠራም ያለ የቀን ሠራተኛ፤ እንዲሁም ከዩኒቨርሲቲያቸው ፈቃድ ሳይዙ እንደ ቆሎ ተማሪ እየለመኑ የሚዞሩ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች። ሼክስፒር የነበረበት የቴአትር ቡድን የቤተ መንግሥቱን ባለሥልጣን የሎርድ ቻምበርሌንን ስም ይዞ መዞሩ ለክብር ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይገባናል፤ ጌታ የሌለው ተዋናይ ለግርፋት የቀረበ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ሥራ ማጣታቸው አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥራ አላቸው። ጌታና ቋሚ ቦታ የላቸውም፤ ወንጀላቸው ይኸው ነው። ሥራማ በሕግ ግዴታ ነበር፤ በ1563 የወጣው የሠራተኞች ድንጋጌ ላጤና መተዳደሪያ የሌለው ሁሉ እንዲቀጠር፣ የእጅ ሙያ ለማጅ ቢያንስ ሰባት ዓመት እንዲያገለግል፣ የደመወዙንም ልክ የየአውራጃው ዳኞች በየዓመቱ እንዲወስኑ አዝዟል። ዳኞቹ እነማን ነበሩ? ቀጣሪዎቹ ባለርስቶች ራሳቸው።

ወደ ኖርዊች እንመለስ። ከቆጠራው በኋላ ከተማው ልመናን ፈጽሞ ከለከለ፤ በሀብታሞቹም ላይ በየሳምንቱ የሚከፈል መዋጮ ጣለ። በየቀበሌው የተመረጡ ሴቶች ልጃገረዶችንና ሕፃናትን ሰብስበው መፍተልና ማበጠር እንዲያስተምሩ ተደረገ። እምቢተኛ የተባለው ግን ብራይድዌል ወደሚባለው ማረሚያ ቤት ይገባል፤ ስሙ የተወሰደው ኤድዋርድ 6ኛ በ1553 ለሎንዶን ከተማ ከሰጠው ቤተ መንግሥት ነው። በኖርዊቹ ማረሚያ ቤት የሥራው ሰዓት በበጋ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ለምግብ ግማሽ ሰዓት፣ ለጸሎት ሩብ ሰዓት ይፈቀዳል። የዘመኑ የከተማ ከንቲባ የነበረው ጆን ኦልድሪች በ1572 የፓርላማ አባል ስለ ነበረ፣ የኖርዊች ልምድ በአገር አቀፉ ሕግ ላይ ሳይንጸባረቅ አልቀረም። የግዴታ መዋጮ በመላ አገሪቱ የታዘዘው በዚያው ጆሮ በሚበሳው ሕግ ነው። በአንድ እጅ ዳቦ፣ በሌላው እጅ ብረት።

ቆጠራው የተወለዱበትን እንግሊዞች ብቻ የመለከተበት ምክንያት አለ። ኖርዊች በዚያን ጊዜ በስደተኞች ተሞልታ ነበር። የከተማው የሽመና ሥራ ስለ ደከመ ሹማምንቱ በ1565 ከኔዘርላንድስ ሠላሳ የሸማኔ ቤተሰቦች እንዲመጡ የንግሥት ኤልሳቤጥን ፈቃድ አገኙ፤ ቁጥራቸውም ከ300 ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። ነገር ግን በ1567 የስጳኙ የአልባ መስፍን ጦሩን ይዞ ኔዘርላንድስ ሲገባ የፕሮቴስታንቱ ስደት እንደ ጎርፍ ሆነ። በ1579 በኖርዊች ብቻ የእነዚህ እንግዶች ቁጥር 6,000 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ይህም ከከተማው ሕዝብ ሲሦውን ያህል ነው። አዲሱን ቀለል ያለ ጨርቅ የመሥራት ጥበብ አመጡ፤ ከተማውም ዳነ። የራሳቸውን ድሆች በራሳቸው ማኅበር ይረዱ ስለ ነበር ለከተማው መዋጮ ሸክም አልሆኑም። ሆኖም በጨርቅ ሥራቸውና በሽያጫቸው ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ነበረባቸው። በ1570 ጥቂት የአካባቢው ባላባቶች እነሱን ለማስወጣት ሕዝብ ሊያስነሡ ሲዶልቱ ተይዘዋል፤ ድሆቹን የመቁጠሩ ሐሳብ ከተጣደፈባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ፍርሃት ነው። (በኖርዊች ካናሪ የምትባለውን ወፍ ማርባት የጀመሩት እነዚህ ሸማኔዎች ናቸው ይባላል፤ የከተማው የእግር ኳስ ቡድን እስከ ዛሬ የሚጠራው በወፏ ስም ነው።)

እንግሊዛዊው ተጓዥ ግን ፊቱ ወደ ሎንዶን ነው። በ1550 ከ80,000 የማይበልጥ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ1600 ወደ 200,000፣ በ1650 ወደ 400,000፣ በ1700 ደግሞ ከ550,000 በላይ ሕዝብ ነበራት። ይህ ሁሉ ጭማሪ ከውጭ የመጣ ነው፤ ምክንያቱም በሎንዶን ከሚጠመቀው የሚቀበረው ይበልጥ ነበር። በ1665 ብቻ በወረርሽኙ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ወደ 70,000 ይጠጋሉ፤ ባዶ የቀሩት ቤቶች ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞሉ። ከ1650 እስከ 1750 በነበረው ዘመን ከተማዋ እንዳደገች እንድትቀጥል በየዓመቱ 8,000 ያህል ሰው ከገጠር መግባት እንደ ነበረበት፣ ከእንግሊዝ ጎልማሶችም ከስድስቱ አንዱ በሕይወቱ በአንድ ወቅት ሎንዶን ሳይኖር እንዳልቀረ ተሰልቷል። ሎንዶን ሰው የምትበላ ከተማ ነበረች፤ ሰውም ይህን እያወቀ ይሄድ ነበር።

የሚሄደው ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። አባቱ ውል የከፈለለት ለማጅ የጌታውን አድራሻ በኪሱ ይዞ ይገባል፤ ሰባት ዓመት ሳያገባ አገልግሎ፣ ቢተርፍና ቢታገሥ፣ የከተማው ሙሉ ነዋሪ ይሆናል። ሌላው ከረሀብ ሸሽቶ ከሩቅ አውራጃ በእግሩ የመጣ፣ የሚያውቀው ሰው የሌለው፣ ማደሪያው ከከተማው ቅጥር ውጪ ባሉት የተጨናነቁ ሰፈሮች ነው። በመካከላቸው ያለው ግንብ ግን ቀጭን ነበር። ከጌታው ዱላ የሸሸ ለማጅ ወይም አርግዛ ከቤት የተባረረች ገረድ በአንድ ሌሊት ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው ይወርዳሉ። በሎንዶኑ ብራይድዌል ተንከራታች ተብለው የተመዘገቡት በ1560-61 ዓመት 69፣ በ1600-01 ዓመት 555 ነበሩ። ከየቦታው የተያዙት ተንከራታቾች መዝገብ ሲመረመር በብዛት ብቻቸውን የሚሄዱ ወጣት ወንዶች ሆነው ይገኛሉ፤ የዘመኑ ርካሽ መጻሕፍት ስለ ሌቦች ማኅበርና ስለ ለማኞች ንጉሥ የሚያወሩት ተረት በመዝገቡ ውስጥ ብዙም አይታይም።

ከ1594 እስከ 1597 አዝመራው በተከታታይ ከሸፈ። በሰሜን እንግሊዝ ሰው በረሀብ ሞተ። በኅዳር 1596 በኦክስፎርድ አውራጃ ባርቶሎሚው ስቲር የተባለ አናጢ አጥር አፍርሶ፣ የባለርስቶቹን ቤት ዘርፎ ወደ ሎንዶን ለመዝመት ሰው ቢጠራ፣ በተቀጠረው ኮረብታ ላይ የተገኙት ጥቂት ብቻ ሆኑ። እነሱም ሳይንቀሳቀሱ ተበተኑ። መንግሥት ግን ደንግጦ መርማሪ ላከ፤ ከተያዙት ሁለቱ በዚያው ኮረብታ በአሰቃቂ ቅጣት ተገደሉ። የሚገርመው በቀጣዩ ዓመት የተሰበሰበው ፓርላማ የሠራው ነገር ነው፤ የታጠረው መሬት ወደ እርሻ እንዲመለስ ሕግ አወጣ፤ የድሆቹንም ሕግ እንደ ገና ጻፈ። በጥቂቱ ተሻሽሎ በ1601 የወጣው ይህ ሕግ እስከ 1834 ድረስ ጸና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 10,000 ያህል ከሚሆኑት አጥቢያዎች እያንዳንዱ በየዓመቱ ከነዋሪዎቹ መካከል ከሁለት እስከ አራት የድሆች ተቆጣጣሪዎች ይሾማል። እነሱም በባለመሬቱና በባለቤቱ ላይ መዋጮ ይጥላሉ፤ ለሽማግሌው፣ ለዕውሩና ለአካለ ጎዶሎው በየሳምንቱ ይሰጣሉ፤ ተልባ፣ የበግ ጠጉርና ብረት ገዝተው ሥራ ላጣው ያቀርባሉ፤ የድሀውን ልጅ ለሰው ቤት ያስቀጥራሉ። የቅርብ ዘመድ ካለም መጀመሪያ የመጦር ግዴታው የእሱ ነው። በብዙ አገሮች በአንዳንድ ከተማ ብቻ የነበረ ነገር በእንግሊዝ እስከ ገጠር መንደር ወረደ። ኢፕር ከተማ በ1525፣ ሊዮን በ1534 ተመሳሳይ ድርጅት አቋቁመዋል፤ ፓሪስም በ1656 ለማኞችን የምትዘጋበት ትልቅ ተቋም ከፈተች፤ የገጠሩ ፈረንሳዊ ግን የሚረዳው የለውም ነበር። በ1693ና በ1694 በፈረንሳይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በረሀብና በተከተለው በሽታ ሲያልቅ፣ እንግሊዝ ከ1620ዎቹ ወዲህ ያን የመሰለ እልቂት አላየችም። ይህ ከእርሻው መሻሻል ነው ወይስ ከሕጉ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ለሕጉ ድርሻ ከሚሰጡት ወገን ነኝ፤ እህል ተርፎ በጎተራ ቢኖርም መግዣ የሌለው ሰው ይሞታልና።

ሕጉ ግን አንድ ጥያቄ አስነሣ፤ ይህ ድሀ የማን ድሀ ነው? መዋጮ ከፋዩ የራሱን አጥቢያ ባልቴት ለመርዳት አያንገራግርም ይሆናል፤ ትናንት የመጣውን እንግዳ ግን አይቀበልም። በ1662 የወጣው የመኖሪያ ሕግ መልሱን ሰጠ። በዓመት ከ10 ፓውንድ ያነሰ ኪራይ የሚከፍልና ነገ ለአጥቢያው ሸክም ሊሆን ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ አዲስ ገቢ በመጣ በ40 ቀን ውስጥ ሊከሰስና በሁለት ዳኞች ትእዛዝ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ሰውዬው የሚባረረው ለምኖ ሳይሆን ሊለምን ይችላል ተብሎ ነው። በዚህ ሕግ ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳችው ሳታገባ ያረገዘች ሴት ናት። ዲቃላ ልጅ የሚቆጠረው ለተወለደበት አጥቢያ ስለ ሆነ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ምጥ ሳይዛት ከድንበራቸው ሊያስወጧት ይጣደፉ ነበር። ከ1697 ወዲህ ደግሞ ርዳታ ተቀባዩ በቀኝ ትከሻው ላይ የአጥቢያውን የመጀመሪያ ፊደልና ድሀ ለማለት የቆመውን ፊደል በጨርቅ አሰፍቶ እንዲለብስ ታዘዘ።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥበት ሌላው መንገድ ባሕሩ ነው። በ1607 የቨርጂኒያ ሰፈራ ከተጀመረ በኋላ የሎንዶን ሹማምንት ጎዳና ላይ ያደሩ ልጆችን ሰብስበው መላክ ጀመሩ፤ በ1619 አንድ መቶ ያህል ሄዱ። ቀጥለው ከተመረጡት አንዳንዶቹ አንሄድም ቢሉ፣ በ1620 መጀመሪያ የንግሥና ምክር ቤቱ በግድ መላክ ይቻላል ብሎ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የሄደው ሰው ብዛት በውል አገልጋይነት ነው። የመርከብ ዋጋ ስለሌለው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊያገለግል ይፈርማል፤ ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተዛነፈ ይቆረጥና ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለመርከቡ ሹም ይሰጣል። እዚያ ሲደርስ ውሉ ለትምባሆ ገበሬ ይሸጣል። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ቨርጂኒያና ወደ ሜሪላንድ ከተሻገሩት እንግሊዞች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት አገልጋዮች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በወባና በተቅማጥ ውላቸውን ሳይጨርሱ አለቁ።

በዚያው በ1619፣ በነሐሴ፣ ከሃያ በላይ አፍሪካውያን ለሽያጭ ቨርጂኒያ ደረሱ። ለብዙ ዓመታት ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ ቆየ፤ እንግሊዛዊው ድሀ ርካሽ ነበርና። ከ1650ዎቹ በኋላ ግን የእንግሊዝ ሕዝብ ማደጉን አቆመ፤ እንዲያውም በጥቂቱ ቀነሰ፤ ደመወዝም ማንሠራራት ጀመረ። ቀድሞ አገራችን ሰው በዛባት ይሉ የነበሩት ጸሐፊዎች አሁን የሚሄደው ሰው ሀብታችን ነው ማለት ያዙ። ለመሄድ የሚፈርም ሰው እያነሰ ሲሄድ፣ በተለይ ከ1680 ወዲህ፣ የትምባሆው ገበሬ ፊቱን ወደ ባሪያ መርከብ አዞረ። ሁለቱን ታሪኮች በተለያየ ምዕራፍ ማስተማራችን ልማድ ሆኖ ነው እንጂ፣ የኖርፎክ የቀን ሠራተኛ ክፍያና የጊኒ ባሕር ዳርቻ የሰው ንግድ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ገብተው ነበር።

ስለነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ማወቅ የቻልነው እነሱ ጽፈው ስላስቀመጡ አይደለም። አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም ነበር። የ1662ቱ ሕግ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አስከተለ፤ ሰውን ወዴት እንደሚመልሱት ለመወሰን ዳኞች የሕይወቱን ታሪክ ማስጻፍ ነበረባቸው። የት ተወለድህ? ማን ቀጠረህ? ስንት ዓመት አገለገልህ? ምን ከፈሉህ? መቼ አገባህ? መልሱ በጸሐፊው እጅ በአንድ ገጽ ይሰፍራል። እንዲህ ያሉ ምርመራዎች በየአውራጃው ቤተ መዛግብት በሺህ የሚቆጠሩ ተቀምጠዋል። አንዲት ገረድ በዐሥር ዓመት ውስጥ ስድስት ጌታ መለወጧን፣ አንድ ሸማኔ የኪራይ ቤቱ ከ10 ፓውንድ በጥቂት ሽልንግ በማነሱ ከነቤተሰቡ መባረሩን የምናነበው ከዚያ ነው። ከጽሑፉ ግርጌ የዳኞቹ ፊርማ አለ፤ ከሱ ጎን ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ የመስቀል ምልክት ይታያል፤ ጸሐፊው በዙሪያው የባለቤቱን ስም ጽፎበታል።